ሰርተፊኬቱ ከመጣ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ምን ይቀየራል?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር የፈለገ ሰው ምን ያደርጋል? ወልድያ አካባቢ ከሆነ ወልድያ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ይገባና ማስተማርን ራሱን ይማራል። ትምህርት ቤት ተመድቦ ይለማመዳል፤ ሌላ ሰው ደብተር ይዞ ሲያስተምር ያየዋል፣ ይነግረዋል፣ ያርመዋል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማስተማር የፈለገስ? ጥሩ ውጤት ይዞ ይመረቃል፣ ይወዳደራል፣ ረዳት ምሩቅ ሆኖ ይቀጠራል፤ በግቢ ቋንቋ ጂኤ። ሰኔ ላይ ጋዋን ለብሶ ፎቶ ሲነሳ የነበረው ልጅ ጥቅምት ላይ ማርከር ይዞ ስልሳ ተማሪ ፊት ይቆማል።

ትምህርቱን ጠንቅቆ ያውቀዋል። ማስተማርን ግን የሚያውቀው ከተማሪ ወንበር ሆኖ ያየውን ያህል ነው። ስለዚህ በተማረበት መንገድ ያስተምራል፤ ያስተማሩትም እንደዚያው ነበሩ፤ የእነሱም አስተማሪዎች። ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በዓለም ዙሪያ ዶክትሬት የሚያሠለጥነው ለምርምር ነው፤ ሰው በዚያ ወረቀት ይቀጠርና የሥራ ዘመኑን ትልቅ ክፍል ተማሪ ፊት ቆሞ ያሳልፋል።

ይህን ቀዳዳ ለመድፈን አገራችን ቀደም ብላ ያሰበችበት መንገድ አለ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመምህራን ትምህርት ሲከለስ ሃየር ዲፕሎማ የሚባል ፕሮግራም መጣ። መምህራኑ ኤችዲፒ ይሉታል። መጀመሪያ መምህራንን ለሚያሠለጥኑ፣ በኋላም ለሌሎች የዩኒቨርሲቲ መምህራን የተዘረጋ፣ ከሥራ ሳይወጡ ዓመት ያህል የሚወስዱት ሥልጠና ነው። ራስን መመርመር፣ ተማሪን ማሳተፍ፣ ምዘናን ማሻሻል፣ በመጨረሻም በገዛ ክፍል ላይ ተግባራዊ ምርምር መሥራት። መምህራን ስለ ኤችዲፒ ሲያወሩ ከሰማችሁ ግማሹ ቀልድ ነው፦ የፖርትፎሊዮው ውፍረት፣ ክብ ሠርቶ መቀመጡ፣ በትልልቅ ሰዎች መካከል የሚደረገው የማሟሟቂያ ጨዋታ። ቀልዱ እውነት አለው። ዋናው ሐሳብ ግን ትክክል ነበር፤ መምህሩ የሚማረው ነገ ጠዋት የሚገባበትን ክፍል ይዞ ነው። ከዩኒቨርሲቲ በታች ባሉ ትምህርት ቤቶችም «ተሙማ» የሚባለው ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ አለ፤ መምህሩ በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት እንዲያውልበት ይጠበቃል።

ከዚያ ኮሮና መጣ። በመጋቢት 2012 ክፍሎች ባዶ ሲቀሩ በየግቢው አንድ ጥያቄ ተነሳ፦ ኦንላይን ማስተማር የሚችል መምህር ስንት ነው? ከዚያ ወዲህ ትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን፣ ከአሜሪካው አሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲና ሻያሾኔ ከተባለው የአገር ውስጥ ድርጅት ጋር ሆኖ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መምህራን ኦንላይን ማስተማርን ራሱን ኦንላይን የሚማሩበትን ፕሮግራም ዘረጋ። ሐምሌ 2016 ላይ ደግሞ ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ተጀመረ። አሁን የመምህር ስልክ ላይ ሰርተፊኬት ማየት ብርቅ አይደለም።

እና ቆይ፣ እነዚህ የማስተማር ኮርሶች ውስጥ ምን አለ? ቪዲዮውን፣ ኩዊዙንና የመወያያ መድረኩን ገለጥ ካደረጋችሁት ከሥር የሚገኘው አንድ ሐሳብ ነው። አውስትራሊያዊው ምሁር ጆን ቢግስ እ.ኤ.አ. በ1996 በግልጽ አስቀመጠው፦ ተማሪው ምን ማድረግ እንዲችል ትፈልጋለህ? ያንን የሚለማመድበት ምን ሥራ ሰጠኸው? ፈተናህስ የሚጠይቀው ያንኑ ነው? ሦስቱ ካልተገጣጠሙ ተማሪው የሚከተለው ፈተናውን ነው። ሲሰሙት ቀላል ነው። አንድ የኮርስ አውትላይን አውጥታችሁ ሞክሩትና ታያላችሁ።

ወደ መርሳ እንሂድ። ከወልድያ በደሴ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሀብሩ ወረዳ ከተማ፣ ፓፓያውና ማንጎው በመንገዱ ዳር የሚደረደርበት። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ግቢ እዚያ ነው። አንድ የሰብል ጥበቃ መምህር በሚቀጥለው ሳምንት የሚያስተምረው ርዕስ አቀንጭራ የተባለው ጥገኛ አረም ነው እንበል።

የሀብሩን ማሽላ ገበሬ ስለ አቀንጭራ ክፋት ማንም አያስተምረውም። ሮዝ አበባዋን ሲያይ ነገሩ አብቅቷል፤ ከመሬት በላይ ብቅ ከማለቷ በፊት ሥሯ ከማሽላው ሥር ገብቶ ውኃና ምግቡን ሲመጥጥ ከርሟል። አንዷ አቀንጭራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንደ ብናኝ የደቀቀ ዘር ትጥላለች። ዘሩ አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ተኝቶ መቆየት ይችላል። የሚነቃውም የማሽላ ወይም የበቆሎ ሥር ወደ አፈሩ የሚለቀው ኬሚካል ሲደርሰው ነው፤ ማለትም ምግብ አጠገቡ መኖሩን ካላረጋገጠ አይነሳም። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

በተለመደው መንገድ መምህሩ ስላይዱን ይከፍታል፦ ትርጉም፣ ሳይንሳዊ ስም፣ የሕይወት ዑደት፣ የመከላከያ ዘዴዎች። ፋይናል ላይ «አምስት የመከላከያ ዘዴዎችን ዘርዝር» ይላል። ተማሪው ሌሊት ሸምድዶ ይዘረዝራል፣ ያልፋል። ከሁለት ዓመት በኋላ የግብርና ባለሙያ ሆኖ ቀበሌ ሲመደብና አንድ ገበሬ ማሳው ውስጥ አቁሞ «እንግዲህ ምን ይሻለኛል?» ሲለው ዝርዝሩ ትዝ ቢለውም የቱ ለዚህ ማሳ እንደሚሆን አያውቅም።

ሥልጠናውን በቁም ነገር የወሰደ መምህር ከዚያ ገበሬ ይጀምራል። ግቡ «ተማሪው ለአንድ ማሳ ታሪክ የሚስማማ ምክር ይሰጣል» ይሆናል። ክፍል ገብቶ ስላይድ ከመክፈቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይጥላል፦ «ገበሬው አበባዋን ባየ ቀን ሁሉንም አቀንጭራ ቢነቅል የዘንድሮ ምርቱ ይድናል?» እጅ አውጡ። አብዛኛው «አዎ» ቢል አይግረማችሁ። አሁን ከአጠገባችሁ ካለው ጋር ተከራከሩ፤ እንደገና እጅ አውጡ። ይህን ዘዴ የሃርቫርዱ የፊዚክስ መምህር ኤሪክ ማዙር ከ1991 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲሠራበት ኖሯል። ክርክሩ ውስጥ አንዱ ተማሪ «ጉዳቱ እኮ ከመሬት በታች እያለች ነው የደረሰው» ይላል። ሌላው «ግን ዘር ሳትጥል ከተነቀለች የሚመጣው ዓመት ይቀልላል» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። የሕይወት ዑደቱም በዚህ መካከል ትርጉም አገኘ፤ ማንም አልሸመደደውም።

ከዚያ በመንገዱ ላይ፣ መርሳንና ወልድያን በሚያገናኘው አስፋልት ዳር፣ የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። እዚያ ሄዶ ጎቢዬና አብሽር የተባሉት አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች ለምን እንደሚቋቋሙ መጠየቅ ይቻላል፤ መልሱ ያው ኬሚካል ነው፣ ሥራቸው ዘሩን የሚቀሰቅሰውን ነገር ብዙ አይለቅም። በዚህ መስክ የሠሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በ2009 (እ.ኤ.አ.) የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸልመዋል። ፈተናውስ? የአንድ ማሳ የሦስት ዓመት ታሪክ ተሰጥቶ «ምን ትመክራለህ? ለምን?» ይላል።

ይህ ለመምህሩ ድካም፣ ለተማሪው ጫና ነው። ይጠቅማል? ፍሪማን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ2014 (እ.ኤ.አ.) በሳይንስ፣ በኢንጂነሪንግና በሒሳብ ኮርሶች ላይ የተሠሩ 225 ጥናቶችን ሰብስበው ነበር። በሌክቸር ብቻ የተማሩት የመውደቅ ዕድላቸው በተሳትፎ ከተማሩት ጋር ሲነጻጸር አንድ ተኩል እጥፍ ነበር። አንድ አስቂኝ ነገር ልጨምር፦ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ሃርቫርድ ውስጥ በተሠራ ሌላ ጥናት በተሳትፎ የተማሩት የበለጠ ሲያውቁ፣ «ብዙ ተማርኩ» ብለው የተናገሩት ግን ጥሩ ሌክቸር የሰሙት ነበሩ። አፈ ጮሌ አስተማሪ ያስደስታል፤ ደስታና ዕውቀት ግን አንድ አይደሉም። መምህር በተማሪ ግምገማ ሲመዘን ይህን ማስታወስ ያሻል።

አሁን አስቸጋሪው ክፍል መጣ። ስለዚህ ዘዴ ቪዲዮ ያየ መምህር ሁሉ እንዲህ ያስተምራል? አያስተምርም።

ፕላዝማን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ስክሪን ተተከለ፤ ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት ይመጣ ነበር። ስክሪኑ ውስጥ ያለው ሰው በፈጣን እንግሊዝኛ ያስረዳል፣ ጥያቄ ይሰጣል፣ የሰጠው ደቂቃ ሲያልቅ መልሱን ተናግሮ ይሄዳል። ገባህ ወይስ አልገባህ ብሎ መጠበቅ አይችልም። እኔ ፕላዝማን ሙሉ በሙሉ ከሚሰድቡት አይደለሁም፤ ጥሩ ላብራቶሪ አይቶ የማያውቅ ተማሪ በእሱ አይቷል። ግን ማንንም ሰምቶ የማያውቅ አስተማሪ ነበር። ለመምህራን የሚሠራ የኦንላይን ሥልጠናም ቪዲዮና ኩዊዝ ብቻ ከሆነ ፕላዝማው ለአስተማሪዎች መጣ ማለት ነው።

ቁጥሩም ይህንኑ ይናገራል። ሃርቫርድና ኤምአይቲ በኢንተርኔት በነጻ የከፈቷቸውን ኮርሶች ያጠኑ ሁለት ተመራማሪዎች በ2019 (እ.ኤ.አ.) ሳይንስ መጽሔት ላይ እንዳወጡት፣ በ2017 እና 2018 ከተመዘገቡት ውስጥ የጨረሱት 3.13 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለተረጋገጠ ሰርተፊኬት ከከፈሉት ግን 46 በመቶው ጨርሰዋል። ገንዘብ ወይም ግዴታ ሰውን እስከ መጨረሻው ያደርሳል። የሚያደርሰው ግን እስከ ሰርተፊኬቱ ነው።

ከሁሉ ያስገረመኝ ከአፍሪካ የመጣ ማስረጃ ነው። በደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያ ደረጃ እንግሊዝኛ መምህራንን ከፋፍለው በሁለት መንገድ አሠለጠኗቸው። አንዱ ቡድን ክፍሉ ድረስ የሚመጣ አሠልጣኝ ነበረው፤ ሌላው አሠልጣኙን የሚያገኘው በታብሌትና በስልክ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ አሠልጣኝ የመጣላቸው መምህራን ተማሪዎች በእንግሊዝኛ ንግግርም በንባብም ተሻሻሉ። በሩቅ የታገዙት መምህራን ተማሪዎች ንግግር ላይ ጥቂት ለውጥ አሳዩ፤ ንባብ ላይ ምንም። ጥፋተኛው ኔትወርክ ይመስላችኋል? አልነበረም። ቴክኖሎጂው ሠርቷል። የጎደለው ሰው ነበር፤ በአካል የሚመጣ አሠልጣኝ ይደግፋል፣ ደግሞም ይጠብቅሃል። እርግጥ ይህ ስለ ሕፃናት መምህራን ነው፤ የኮሌጅ መምህር ሌላ ፍጡር ነው የሚል ካለ እሰማዋለሁ፣ ግን ብዙም አላምነውም። ደግሞ በሩቅ የሚደረግ ድጋፍ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ በ2018 (እ.ኤ.አ.) የ60 ጥናቶችን ውጤት ያጠቃለሉ ተመራማሪዎች በአካልና በሩቅ መካከል የጎላ ልዩነት አላገኙም። ሁለቱ የሚስማሙበት ግን አለ፦ መምህር የሚለወጠው የእሱን ክፍል፣ የእሱን ትምህርት የሚያይለት ሰው ሲኖር ነው።

ይህ ሰው ከአሪዞና መምጣት የለበትም። ከአዲስ አበባም ቢሆን። ወሎ ውስጥ ወንፈልን የማያውቅ የለም፦ ዛሬ አንተ እኔ ማሳ፣ ነገ እኔ አንተ ማሳ። ሁለት መምህራን አንድ ኮርስ አብረው ይጀምሩ። ስለ ጥያቄ አጠያየቅ የሚያወራውን ክፍል ሰኞ ያዩታል። ረቡዕ አንዱ ይሞክረዋል፣ ሌላው ክፍሉ ገብቶ አንድ ነገር ብቻ ይቆጥራል፤ ለምሳሌ ከጥያቄው በኋላ መምህሩ ስንት ሴኮንድ ዝም ብሎ ጠበቀ? ስንት ተማሪ ተናገረ? ከሴቶቹስ? ሐሙስ ቡና ላይ ይነጋገራሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ተራው ይዞራል። አቶ እገሌን «አስተማሪነትህ እንዴት ነው?» ብሎ መገምገም ሌላ ነው፤ ሰው ይደነግጣል፣ ይከላከላል። «አራት ሴኮንድ ጠበቅህ፣ ሦስት ልጆች ተናገሩ» ማለት ግን መረጃ እንጂ ፍርድ አይደለም።

ወልድያና መርሳ ላይ ግን ሌላ ነገር አለ፤ እሱን ዘልዬ ባልፍ ወዳጆቼ ይታዘቡኛል። ወልድያ ነሐሴ 2013 በሕወሓት ኃይሎች ተይዛ እስከ ታኅሣሥ 2014 ቆይታለች። ዩኒቨርሲቲው ተዘርፏል፣ ወድሟል፤ የስሪንቃው ማዕከልም እንዲሁ። ኮምፒውተሩ ተነቅሎ የተወሰደበት መምህር ስለ ኦንላይን ሥልጠና ሲነገረው ምን ሊሰማው እንደሚችል አስቡት። ጥቂት ቀና ሲባል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋረጠ። «ሳምንታዊውን ኩዊዝ እስከ እሁድ ሌሊት ስድስት ሰዓት» የሚል ኮርስ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የሰው ትጋት ሳይሆን የአንቴና ሁኔታ ይፈትናል።

ስለዚህ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ሰዓት ቪዲዮ በሴኮንድ 500 ኪሎቢት ቢፈስ 225 ሜጋባይት ይበላል። ያው ንግግር ድምፁ ብቻ በ32 ኪሎቢት ቢቀረጽ 14.4 ሜጋባይት ነው፤ ከአሥራ አምስት እጥፍ በላይ ቀለለ። ጽሑፉ ብቻ ቢሆን አንድ ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። ተናጋሪው ካሜራ ፊት ተቀምጦ ስላይድ ከማንበብ ሌላ የማያሳየው ነገር ከሌለ ቪዲዮ ማድረግ የመምህሩን ካርድ ማቃጠል ነው። ቪዲዮ የሚያስፈልገው ክፍል ሲታይ ነው፦ ተማሪው ሲያመነታ፣ መምህሩ ሲጠብቅ።

እዚህ ጋ አንድ የምወደው ታሪክ አለ። በየዩኒቨርሲቲው የሚያገለግለውን ሙድል የተባለ የትምህርት ሶፍትዌር የሠራው ማርቲን ዱጊያማስ ያደገው በአውስትራሊያ በረሃ ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ትምህርቱን የተማረው በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ነው፣ ከብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ማዶ ካለ አስተማሪ ጋር እየተነጋገረ። በ2002 (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያውን ሙድል ለሕዝብ ሲለቅ በነጻ ለቀቀው። ለእኛ ዋናው ጥቅሙ ይሄ ነው፦ ሙድልን በግቢ ሰርቨር ላይ መጫን ይቻላል። ከአዲስ አበባ ጋር ያለው መስመር ቢበጠስ በግቢው ዋይፋይ መሥራቱን ይቀጥላል። የስልክ መተግበሪያውም ትምህርቱን አንዴ አውርዶ ያለ ኔትወርክ ያስጠናል። መብራት እስካለ ድረስ መርሳ ግቢ ያለ መምህር ኮርሱን ለማየት ዓለምን ማግኘት አያስፈልገውም፤ ሰርቨሩን ብቻ። ሰርቨር በሌለበትም መምህራን መንገዱን ራሳቸው አግኝተዋል፤ አንዱ ኔትወርክ ባለበት ያወርዳል፣ ለቀሪዎቹ በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ግሩፕ ያደርሳል።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ኮርሶቹ ጥሩ ናቸው፣ አንዳንዶቹ በጣም ጥሩ። ምሳሌዎቻቸው ግን ስለ ሌላ አገር ተማሪ ናቸው፤ አቀንጭራ የለባቸውም፣ ስልሳ ተማሪ በአንድ ክፍል የለባቸውም፣ መጽሐፍ ለአምስት የሚጋሩ ልጆች የሉባቸውም። ይህን መሙላት የሚችለው እዚሁ ያለ መምህር ነው። ግቢዎች ደግሞ የሚቆጥሩት ሰርተፊኬት ስለሆነ የሚያገኙት ሰርተፊኬት ነው። አንድ ገጽ ይጨመርበት፦ ምን ሞከርኩ፣ ማን አየኝ፣ ተማሪዎቼ ላይ ምን ተለወጠ። እንዲህ ለሚተያዩ ሁለት መምህራን የሁለት ሰዓት የማስተማር ጭነት መቀነስ ከሌላ የአዳራሽ ሥልጠና አበል ይረክሳል።

ወልድያም ይሁን መርሳ፣ ኮሌጅ የሚያስተምር ወዳጅ ካላችሁ፣ ሰርተፊኬቱን ቴሌግራም ላይ ሲለጥፍ «እንኳን ደስ አለህ» በሉት። ቀጥላችሁም ክፍልህ ገብቶ የሚያይህ ማነው ብላችሁ ጠይቁት።